አራዳ ጊዮርጊስ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ያደግኩት ፒያሳ ነው። ስለዚህ ስለ ጊዮርጊስ ጥያቄ ያለው ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ከውጭ የመጣ ጓደኛ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚደውለው። ቄስ አይደለሁም፣ መሪጌታም አይደለሁም። የአጥቢያው ሰው ነኝ፣ በቃ። አንድ ዓይነት መልስ ለሃያ ሰው ከመንገር አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ጠለቅ ያለ የሃይማኖት ጥያቄ ያለው ሰው አባቶችን ይጠይቅ። የኔ ነገር የደጃፍና የግቢ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ጊዮርጊስ አለ! የትኛውን ነው የምታወራው?

የአራዳውን። የታክሲ ረዳቶች ሌላ ቅጽል ሳይጨምሩ «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!» የሚሉት እሱን ነው። ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው የቆሙበት አደባባይ ከጎኑ ነው።

ሙሉ ስሙ መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይባላል። «መናገሻ» የሚለው ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እንዲሁ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923። ቀኗን ልብ በሏት፤ 23 የጊዮርጊስ ቀን ናት። በዚሁ ዘውድ ምክንያት ከጃማይካና ከሌላም አገር የሚመጡ ራስተፈሪያውያን ግቢው ውስጥ ብታዩ አይግረማችሁ። እነሱ ለጉብኝት ሳይሆን ለመሳለም ነው የሚመጡት።

የእግር ኳስ ክለቡስ? እሱም ከዚሁ ሰፈር ነው የወጣው። በ1928 የአራዳ ልጆች ሲመሠርቱት ስሙን ሩቅ ሄደው አልፈለጉም። እስከ ዛሬ «ሳንጆርጅ» ብሎ የሚጮህ ደጋፊ ሁሉ ጊዮርጊስን ተሳልሞ ያውቃል ማለት ግን አይደለም።

ከአድዋ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው?

የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር አድዋ ዘምቷል። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ አሁንም 23። ዛሬ የምናየው ሕንፃ የተሠራው ከዚያ በኋላ በምኒልክ ዘመን ነው። ነዳፊው ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ እንደሆነ ይነገራል፤ በአድዋ የተማረኩ ጣሊያኖችም በግንባታው ጉልበታቸውን አፍስሰዋል ይባላል።

ለዚህ ነው በየዓመቱ የካቲት 23 አደባባዩ ጎፈር ባጠለቁ፣ ጋሻና ጦር በያዙ፣ ሽለላ በሚያሰሙ ሰዎች ሲሞላ የኖረው። ውስጥ ቅዳሴ፣ ውጭ ፉከራ። እኔ በልጅነቴ ሁለቱ የተለያዩ በዓላት እንደሆኑ አልገባኝም ነበር። አሁንም በደንብ የገባኝ አይመስለኝም። በ2016 የካቲት የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ጠዋት ጊዮርጊስ፣ ከሰዓት መታሰቢያው ብላችሁ መዋል ትችላላችሁ።

ጣሊያን አቃጥሎታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ከተማዋን ለሦስት ቀን በደም ሲያጥቧት ቤተ ክርስቲያኑም በእሳት ተያያዘ። ከነፃነት በኋላ ታደሰ። ውስጡ የምታዩዋቸው ትልልቅ ሥዕሎችና የሞዛይክ ሥራዎች የአፈወርቅ ተክሌ እጅ ያለባቸው ናቸው። የምኒልክን ሐውልት ጣሊያኖች አውርደውት፣ ከነፃነት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በፋሺስት ጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። በአንድ የእግር መንገድ ይህን ሁሉ ታሪክ ታልፉታላችሁ። እኛ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ዳቦ ልንገዛ እየሮጥን ነበር የምናልፈው።

ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይጀምራል?

እሑድ ከሆነ በጠዋት ተነሡ። እንደ አብዛኛው የከተማው ደብር ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ተገኝታችሁ ከሆነ ደህና ናችሁ። ሌሊቱን ሰዓታትና ማኅሌት ሲቆም ያድራል፤ ከዚያ ኪዳን የሚባለው የጠዋት ጸሎት ይደርሳል፤ ቅዳሴው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጾም ወቅት የሥራ ቀን ከሆነ ግን ቅዳሴው ቀን ላይ ገብቶ ወደ 9 ሰዓት ግድም ነው የሚያልቀው። የቢሮ ሰው ዐቢይ ጾም ላይ የምሳ ሰዓቱን ሰርቆ ሲሮጥ የምታዩት ለዚህ ነው።

«መሃል ላይ ደርሼ ብገባስ?» የሚል አለ። ትገባላችሁ፣ ማንም አይገላምጣችሁም። ከመጨረሻው በፊት ሹልክ ማለት ግን አያምርም። «እትዉ በሰላም» እስኪባል ጠብቁ። በሰላም ግቡ ማለት ነው፣ ወደ ቤታችሁ የምትሸኙበት ቃል ነው።

ግዕዝ አልገባኝም። ምን ላድርግ?

ብቻችሁን አይደላችሁም። ከጎናችሁ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ የምትመልሰው እናት ራሷ ቃል በቃል ላትተረጉመው ትችላለች። ግን መቼ እንደምትቆም፣ መቼ እንደምትሰግድ፣ መቼ ምን እንደምትል አጥንቷ ያውቀዋል።

ለመጀመሪያ ቀን ሦስት ነገር ከያዛችሁ ይበቃል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ትላላችሁ። ዲያቆኑ ለጸሎት ተነሡ ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ» ትላላችሁ። ሦስተኛዋን ሁልጊዜ እወዳታለሁ። ቆሞ የደከመው ሁሉ ቀስ እያለ ጥግ ጥጉን ይይዛል፣ አንዱ ግድግዳ ይደገፋል፣ አንዱ ቁጢጥ ይላል። ያኔ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ! ሰው በአንዴ ተንኮሻኩሾ ይነሣል። አንዲት ሽማግሌ ከጎኔ «መጣ ደግሞ ይሄ ልጅ» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲነሡ አስታውሳለሁ። ዲያቆኑ ልጅ ነበር፣ አሥራ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው።

የቅዳሴ መጽሐፉ ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ታትሞ ከደጅ ካሉት ሻጮች ይገኛል። አንዱን ገዝቶ መከታተል ነው። በስልክም አለ፤ ነገር ግን ስልክ ይዞ ቅዳሴ ውስጥ የቆመ ሰው ጸሎቱን እየተከተለ ይሁን ቴሌግራም እያየ ማን ያውቃል? እኔ እንኳ ራሴን አላምነውም።

ምን ልልበስ?

ነጠላ። ወንድም ሴትም። መስቀለኛ ታጣፉታላችሁ፤ ሁለቱ ጫፎች ደረት ላይ ተሻግረው መስቀል እንዲሠሩ ማለት ነው። ጥለቱን ዘቅዝቆ መልበስ የሐዘን ነው፣ እንዳትሳሳቱ። አንድ የአክስቴ ልጅ ከውጭ መጥታ ዘቅዝቃ ለብሳ ስትገባ ሦስት ሴቶች ተከታትለው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት። እሷም «አሜን» ብላ ተቀበለች፤ ሰላምታ መስሏት።

ሴቶች ቀሚስ፣ ወንዶች ረዘም ያለ ሱሪ። ነጠላ ከሌላችሁ በር ላይ ይሸጣል።

ጫማዬስ?

ሕንፃው ውስጥ ስትገቡ ይወልቃል። ብዙ ሰው ደጅ ትቶ ይገባል። የኔ ምክር፦ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ጫማችሁን ይዛችሁ ግቡ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ደብር በትንሣኤ ሌሊት አዲስ ጫማ አድርጌ ገብቼ፣ የወጣሁት ሁለት የግራ እግር ነጠላ ጫማ ይዤ ነው። አንድ አባት አይተው «ልጄ፣ ተሳስተው ይሆናል» አሉኝ። ይሆናል።

የት ልቁም? ውስጥ ሁሉ ሰው ሞልቷል።

ወንዶች በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ነው። ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ ካደረጋችሁ ወንዶች ግራ፣ ሴቶች ቀኝ። ውስጡ ሦስት ክፍል ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ቅኔ ማኅሌቱ የመዘምራኑ ነው፣ ቅድስቱ የቆራቢው፣ መቅደሱ የካህናቱ ብቻ። መቅደሱ ታቦቱ ያለበት ነው።

ግን ልንገራችሁ። የጊዮርጊስን ሕይወት ማየት የፈለገ ሰው ሕንፃው ውስጥ ብቻ ቢቆም ግማሹን ያጣዋል። አብዛኛው ሰው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ዛፍ ሥር፣ ደረጃ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ። አንዷ መልክአ ጊዮርጊስ ታነባለች። አንዱ ዳዊት ይደግማል። አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ በግንባሩ ይሰግድና ሰዓቱን አይቶ ወደ ሥራው ይሮጣል። ውጭ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ያለ ተሳፋሪ በመስኮት ያማትባል። ሹፌሩም በአንድ እጁ መሪ ይዞ ያማትባል፤ ያቺን ሁለት ሰኮንድ መንገዱን ማን እንደሚያይለት ጊዮርጊስ ነው የሚያውቀው።

በልቼ መሄድ እችላለሁ? የወር አበባ ላይ ብሆንስ?

ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚጠየቅ ነው። ለመቁረብ ከሆነ 18 ሰዓት መጾም ግድ ነው። ለማስቀደስ ብቻም ቢሆን ሰው ቁርስ ሳይቀምስ መሄዱን ነው የለመደው። በልታችሁ ቢሆንም ግቢ ገብቶ መሳለም፣ መጸለይ፣ ስብከት መስማት ይቻላል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት በልማዱ ሕንፃው ውስጥ አትገባም፤ ግቢው ላይ ወይም ደጀ ሰላሙ ላይ ሆና ትጸልያለች። ከዚህ በላይ ዝርዝር ያስጨነቃት የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ሁሉ ሥርዓት አይደለም።

ለምን ሰው ሁሉ አይቆርብም?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቤተ እምነት የመጡ ጓደኞቼ ናቸው። ስትመለከቱ ሕፃናት፣ አረጋውያንና በቁርባን የተጋቡ ጥንዶች ናቸው በብዛት የሚቀርቡት። መሃል ያለው ጎልማሳ ራቅ ብሎ ይቆማል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፤ «አልበቃሁም» ይላል። አባቶች በየስብከቱ ንስሐ ግቡ፣ ቅረቡ ይላሉ፤ ወጣቱም አሁን አሁን እየቀረበ ነው። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ሲወጣ ካያችሁት አታናግሩት። ዝም ብሎ ይሂድ።

ካህን ሳገኝ ምን ልበል?

ጎንበስ ብላችሁ «ይባርኩኝ አባቴ» ወይም «ይፍቱኝ አባ» ትላላችሁ። መስቀላቸውን ያወጣሉ፤ ግንባራችሁንና ከንፈራችሁን ያስነካሉ። «እግዚአብሔር ይፍታ» ይላሉ። አለቀ። ስማቸውን ካላወቃችሁ «አባ» ወይም «አባታችን» ይበቃል። መዓርጋቸውን ካወቃችሁ ደግሞ በመዓርጋቸው፤ ቀሲስ፣ መሪጌታ፣ መምህር። «አንተ» የሚባል ካህን የለም፣ እኩያችሁ ቢሆን እንኳ።

በ23 መሄድና በሌላ ቀን መሄድ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰው ነው ልዩነቱ! በወር በወሩ 23 ግቢው ይሞላል። ጧፍና ሻማ ሻጩ፣ ዕጣን ሻጩ፣ ማተብ ሻጩ ከአጥሩ ውጭ ይደረደራል። ስለት የገባ ሁሉ ያን ቀን ይመጣል፤ አንዱ ጃንጥላ ይዞ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ አንድ እሽግ ጧፍ።

ትልቁ ግን ሚያዝያ 23 ነው፤ ሰማዕቱ አንገቱን የተሰየፈበት። ኅዳር 7 እና ጥር 18ም የሱ ቀኖች ናቸው። ለሚያዝያው ከቻላችሁ ከዋዜማው ሂዱ። ሌሊት መሪጌቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ጸናጽሉ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ መቋሚያው ወደ ላይ ወደ ታች እያለ፣ ከበሮው እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ለማያውቅ ሰው እንቅልፍ ያስይዛል። ከበሮው ሲገባ ግን የተኛውም ይነቃል። ወረቡ እየፈጠነ ሲሄድ ሽማግሌዎቹ መዘምራን ጉልበታቸውን ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም።

ጠዋት ታቦቱ ይወጣል። ካህኑ በራሳቸው ላይ አክብረው በጃንጥላ ታጅበው ሲወጡ እልልታው ከግቢው አልፎ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ። ያን ሰዓት ፎቶ ለማንሳት ሰው እየገፋችሁ ፊት አትሂዱ፣ አደራ።

ልጄን ክርስትና ማስነሣት እፈልጋለሁ። ምን ያስፈልጋል?

ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ። አስቀድማችሁ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ክርስትና አባት ወይም እናት ያስፈልጋል፤ ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። ሰው ይህን ሥራ ለቅርብ ጓደኛ እንደ ስጦታ ይሰጠዋል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጓደኛው ኃላፊነቱን የሚወስድ መሆኑን እዩ። ጥምቀቱ በጠዋት ነው፣ ከዚያ ሕፃኑ ቅዳሴ ገብቶ ይቆርባል። ወተትና ቅያሪ ልብስ ያዙ። የምስክር ወረቀቱን በደንብ አስቀምጡ፤ ልጁ አድጎ ለተክሊል ሲመጣ ይጠየቃል።

ጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕድር… ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም፤ ምንም እንኳ አንድ ሴትዮ በሦስቱም ውስጥ ብትገኝም።

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም የሚጠጣ ነው። በጊዮርጊስ ከሆነ በየወሩ 23፣ ከአባላቱ በአንዱ ቤት በተራ። ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ካህን ጸሎት አድርሶ፤ ጽዋውን ተሸክሞ የሚሄደው ሰው የሚቀጥለው ወር ተረኛ ነው። የማኅበሩን መሪ «ሙሴ» ይሉታል። አያቴ የነበረችበት ማኅበር ውስጥ ሙሴው አንድ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አንድ ሰው ቢቀር በማግስቱ ቤቱ ሄደው ነበር የሚያዩት። ታሞ እንደሆነ፣ ወይ አኩርፎ።

ሰንበቴ የእሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ፣ ሰንበቴ ቤት ተሰብስቦ የተረኛውን ምግብ መቋደስ ነው። ነዳያንም ይካፈላሉ።

ዕድር ደግሞ የቀብር ነው፤ ሃይማኖት አይለይም፣ የሰፈር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የዕድር ንብረት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፍትሐቱን ያደርሳል፣ ዕድሩ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል።

ሰበካ ጉባኤ አባል መሆን ምን ይጠቅመኛል?

የጥቅም ጥያቄ አድርጋችሁ ካያችሁት፦ ለክርስትና፣ ለተክሊል፣ ለፍትሐት ስትሄዱ ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የአባልነት ደብተራችሁን ነው። ሰው ደግሞ ትዝ የሚለው የዚያን ቀን ነው፤ የአምስት ዓመት ውዝፍ ይዞ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

ሰበካ ጉባኤ በ1965 በወጣው ቃለ ዓዋዲ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ የተቋቋመ የደብር አስተዳደር ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጠው ይቀመጡበታል። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትጥሉት ብር የት እንደሚገባ መጠየቅ የምትችሉበት መንገድም ይኸው ነው። ውጭ ቆሞ ከማማት ስብሰባው ላይ መገኘት ይሻላል። ይህን ስል ለራሴም ነው።

ልጆቼ አማርኛቸውም ግራ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ይቀበላቸዋል?

ይቀበላቸዋል። በዕድሜ ይመድቧቸዋል፤ መዝሙር፣ ትምህርት፣ አንዳንዴ ግዕዝም አለ። መጀመሪያ ሁለት እሑድ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ሦስተኛው ላይ ከበሮ ከያዘው ልጅ አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ። ልጅ ከበሮ ካየ አማርኛው ራሱ ይመጣል።

ደጅ ላይ ያሉት ነዳያን ብዙ ናቸው። ለማን ልስጥ?

«ስለ ጊዮርጊስ!» ሲሏችሁ ልባችሁ ይከፈላል፤ አውቃለሁ። ሁሉን ማዳረስ አይቻልም። አንዳንድ ሰው ብሩን በዝርዝር ይዞ ይመጣና ከመጀመሪያው ጀምሮ እስኪያልቅ ይሰጣል። አንዳንዱ በተዝካር ወይም በልደቱ ቀን ምግብ አብስሎ ያመጣል። ምግብ ከሆነ ግቢው ውስጥ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ያለዚያ ግፊያው ሰው ይጎዳል። የማትሰጡ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን አታዙሩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በሉ። ይመርቋችኋል፣ ባትሰጡም።

የምኖረው ውጭ ነው። ስለቴን እንዴት ላድርስ?

ቤሩት ወይም ዱባይ ሆነው ተስለው፣ ለእህታቸው ብር ልከው የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ይቻላል። ማንን ወክላችሁ እንደምታስገቡ የክርስትና ስሙን ይዛችሁ ሂዱ። በዓለማዊ ስም ጸሎት አይደርስም። ገንዘብ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በግለሰብ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ላይ እንዳትልኩ።

ኦርቶዶክስ አይደለሁም። መጎብኘት እችላለሁ?

በደንብ። ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ፤ የነገሥታት አልባሳት፣ የዘውድ ሥርዓቱ ዕቃዎች፣ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎች። አስጎብኚው ቤተ ክርስቲያኑንም ያሳያችኋል፣ ቅዳሴ በማይኖርበት ሰዓት። ስምንት ማዕዘን መሆኑን ዞራችሁ ቁጠሩ። ከመግባታችሁ በፊት ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚጸልይ ሰው ፊት ላይ ግን ባይከለክሏችሁም ካሜራ አታዙሩ።

ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ሰው አለ ወይ?

ሰሞኑን በጣም የሚጠየቅ ሆኗል። በፊት ጊዮርጊስ የገበያ ደጅ ነበር፤ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪወስደው ድረስ። ገበያው ሄደ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ። በ2016 ደግሞ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሰዉ ሄደ። ብዙዎቹ የከተማው ዳርቻ ላይ ነው ቤት የደረሳቸው። ዕድሩ ተበተነ፤ ድንኳኑን ማን ይውሰደው የሚለው ራሱ ስንት ቀን ስብሰባ ፈጀ። ጽዋው ግን በአብዛኛው ቀጠለ። ተረኛው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ እናቶቹ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ደረጃውን እያረፉ ይወጡታል።

በየወሩ 23 ጠዋት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከዳር ወደ መሃል ይመጣሉ። የድሮ ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ይፈላለጋሉ፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው፣ እነ እትዬ እገሌ ከደወሉ በኩል፣ እነ ጋሼ ከዛፉ ሥር። የቀረ ካለ «ታማለች እንዴ?» ይባላል፤ ስልክ ይወጣል። እኔም አሁን የምኖረው እዚያ አይደለም። ባለፈው ወር የድሮ ጎረቤታችን አግኝታኝ፣ ስሜን ሳትጠራ «የታችኛው በር ልጅ!» አለችኝ። በሩ ከፈረሰ ቆይቷል።

የመጨረሻ፤ መኪና የት አቆማለሁ?

በ23? አታቆሙም። በታክሲ ኑ።